ሰሌዳ ሁሉ የሚያነቡት አጎቴ

አጎቴ በስምንት ዓመቴ «ይሄ ደደብ ነው» ብለው ከትምህርት ቤት አስወጡኝ። ማንበብ የተማርኩት አትላንታ መጥቼ፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሞቱ ብዬ ታሪኩን አላሳምርም።

ኋላ እሳቸውም አትላንታ መጡ፤ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ስነዳ አጠገቤ ቁጭ ብለው የሱቁን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። አንብቡልኝ ያላቸው የለም። ዛሬ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጸጥታው ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ተጠርተን ሄድን። አስተማሪዋ «ሰነፍ አይደለችም፤ ዲስሌክሲያ አለባት። ማንበብ የሚከብዳት ለዚህ ነው። ጊዜ ስጧት፣ ስታነብ አታቋርጧት» አለችን።

ስንመለስ አጎቴ አንድም ሰሌዳ አላነበቡም። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም፣ «አንተም እንዲህ ነበርክ?» አሉኝ።

«ነበርኩ። ያኔ ስሙ ደደብ ነበር።»

የአንድ ጎማ ቤት ሰሌዳ አሳዩኝና «እስቲ አንብብልኝ፤ አልቸኩልም» አሉ።

ቀስ እያልኩ ጀመርኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክሱን አቀለጠው። አጎቴ መስኮቱን አውርደው በአማርኛ ጮኹባቸው፦

«ዝም በሉ! ልጁ እያነበበ ነው!»

ልጁ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። የእኔና የእሳቸው ቂም ያለቀው ያን ቀን ነው፤ ባለፈው ዓመት፣ የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ።