ስኳር ጠጪዋ ጾመኛ

ባሌ ሙዝ ማበስበስ የጀመረው ፍልሰታ ሲገባ ነው። ማበስበስ ስል ተረስቶ የበሰበሰ ሙዝ እንዳይመስላችሁ። አስቦበት፣ ሆን ብሎ፣ ሰሃን ላይ ደርድሮ፣ የጓሮው ዴክ፣ የእንጨት በረንዳው ላይ ፀሐይ እያስመታ ነው። እፍ! ከሥሩ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በላዩ ትንንሽ ዝንብ ይተራመሳል። ኦሃዮ ውስጥ ፒከሪንግተን የምትባል ከተማ ቤት የገዛነው የአፓርትመንት በረሮ አንገሽግሾን ነበር። እሱ እቴ፣ በገዛ ደጁ ዝንብ ያረባል።

ስጮህበት "ለሃሚንግበርዷ ነው" ይላል። "ስኳር ብቻውን አይበቃትም፤ ፕሮቲኗ ዝንብ ነው። ቪዲዮ አይቻለሁ።"

ሃሚንግበርዷ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ክንፏ ከፍጥነቱ የተነሳ የማይታይ ወፍ ናት። ሙቀት ሲሆን ኦሃዮ ትመጣለች፤ ብርዱ ሳይገባ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ባሌ ቀይ ፊደር፣ የወፍ መመገቢያ፣ ገዝቶ ሰቀለላት፤ አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ በጥብጦ ይሞላላታል። ፊደሩ በየሁለት ቀኑ ካልታጠበ ይሻግታል። ማን ያጥበዋል? እኔ ነኛ! ጥቁሩን ሻጋታ በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍግ፣ ሰምጠው የሞቱት ጉንዳኖች ጣቴ ላይ ሲለጠፉ፣ ወፏንም ባሌንም አንድ ላይ እረግማለሁ።

እናቴ ግን ወደደቻት። እኛ ጋ መኖር ከጀመረች ወዲህ እንደዚህ የወደደችው ነገር የለም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ የታመመ እግሯን ዱካ ላይ ሰቅላ፣ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃታለች።

"ጾመኛዋ መጣች" ትላለች። "አየሽ ልጄ? ጥሬ አትል፣ ትል አትል፣ በስኳር ውሃ ብቻ! የአምላክ ሥራ። ደግሞ ስኳር ስትጠጣ ውላ ስኳር አይይዛትም፤ እኔን ሻይዬን ከለከላችሁኝ።"

የስኳር በሽታ የያዘው እሷን ነው። ግራ እግሯ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ቁስል ወጥቶ አልዘጋ ብሏል። ዳውንታውን ያለው ዶክተሯ ነገሩን አልሸፋፈነም። ሰውነቷ ቁስሉን የሚሞላበት ምግብ ካላገኘ አይድንም፤ እንቁላል ትብላ፣ ዶሮ ትብላ፤ አለዚያ ጣቷን መቁረጣችን ነው፤ ምናልባትም በዚያ ላይቆም ይችላል አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ "ፍልሰታ እኮ ነው" አለችኝ።

ለንስሐ አባቷ ኮል አደረግኩ። እሳቸውም "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል እናቴ፤ ይብሉ" አሏት። "እሺ አባቴ" ብላ መስቀላቸውን እንደምትሳለም ሁሉ ስልኩን ስማ መለሰችልኝ። እንቁላሉን ግን አልነካችውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ከዚያ ሁለት ጉርሻ ምስር ወጥ፣ በቃ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ በጣቷ መስኮቱን ታሳየኛለች። "እሷን የሚያኖር አምላክ እኔንም ያኖረኛል።"

ቁስሉን የማጥበው እኔ ነኝ። እኔ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ የምሠራ ሴት ነኝ፤ አፍንጫዬ የማያውቀው ሽታ የለም። የሰው እናት ቁስል አጥቤ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሳንድዊቼን ቁጭ ብዬ እበላለሁ። የራሴን እናት ግን አልቻልኩም። ፋሻውን ስፈታው የሚወጣው ሽታ፣ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ቢጫ ነገር፣ ያቅለሸልሸኛል። "ለኢንፌክሽን ነው" እያልኩ ማስክ አጠልቃለሁ፤ ዞር ብዬ በአፌ እተነፍሳለሁ። እናቴ እኮ ናት! ያውም እንዲህ ያለች ንጹሕ ሴት፤ ነጠላዋ ላይ ነጥብ ካየች ቤተ ክርስቲያን የማትሄድ።

አንድ ቅዳሜ ፋሻውን ፈትቼ አዲሱን ላነሳ ዞር ስል፣ በተከፈተው የዴክ በር ዝንብ ገባ። ትንሹ አይደለም፤ ትልቁ፣ አረንጓዴው። መጥቶ ቁስሉ ላይ አረፈ።

"በስመ አብ!" ብዬ ጮህኩ። በጨርቅ አባርሬው፣ ቁስሉን እንደገና አጥቤ በንጹሕ ፋሻ ሸፈንኩና የባሌን ሙዝ ከነሰሃኑ ልደፋ እየተንደረደርኩ ወጣሁ። ልክ እጄን ስሰድ ወፏ መጣች። ፊደሩን ዞር ብላም አላየችው። ከሙዙ በላይ አየር ላይ ቆማ ዝንቦቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

እናቴ በመስኮቱ አይታት ኖሯል፤ ስመለስ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

"ምንድን ነው የበላችው?"

"ዝንብ ነዋ እማዬ። ድሮም ትበላለች። ስኳር ብቻውን ማንንም አያኖርም።" ደስ አለኝ፤ አሁን ያዝኳት አልኩ።

ፊቷ ጭምድድ አለ። "ኤጭ! ዝንብ? እኔ ጾመኛ መስላኝ! አውርጂው ያንን ቀይ ነገር፤ ዓይኔ እንዳያየው።"

"አወርደዋለሁ፤ አንቺ ብቻ ይቺን ብዪልኝ" አልኩና የተቀቀለውን እንቁላል አቀረብኩላት።

"እኔ ወፍ ነኝ? ወፍ ነገ በሰማይ ቤት የሚጠይቃት የለም።" ሰሃኑን በእጇ ጀርባ ገፋችው። "ደግሞ ይሸተኛል" አለችና አፍንጫዋን ያዘች።

ያሳበደኝ አፍንጫዋን መያዟ ነው።

"የሚሸተውስ እግርሽ ነው!" አልኳት። "ይሸታል እማዬ! ቤቱ በሙሉ ይሸታል! በየቀኑ ትንፋሼን ውጬ ነው የማጥብሽ። ዝንቡም ሙዙን ትቶ ወደ አንቺ ነው የመጣው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ባሌ በሩ ላይ ቆሞ "ኧረ ተይ!" አለኝ።

እናቴ ጎንበስ ብላ እግሯን የሌላ ሰው እግር ይመስል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።

"አምጪው" አለች።

በላች። ዓይኗን ጨፍና፣ በየጉርሻው ፊቷ እየተጨማደደ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ጨረሰችው። በማግስቱም በላች፤ ጾሙ እስኪፈታ አንድም ቀን አላስለመነችኝም። ቁስሉ ከዳር ዳር እየጠበበ መጣ፤ ዶክተሩም ተደሰተ። ጣቷ ተረፈ።

እግሯን ግን ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አላስነካችኝም። ባሌን ጠርታ "ነርስ አስመጣልኝ" አለችው፤ አሁን የማናውቃት ፈረንጅ ቤት ድረስ እየመጣች ታጥብላታለች። ነርሷ ቦርሳዋን ስትከፍት እናቴ እስክወጣ ድረስ ፋሻውን አታስፈታም።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና በሩ ላይ ቆሜ "እማዬ፣ እኔ እያለሁ ባዕድ ያጥብሽ? ልጅሽ አይደለሁም?" አልኳት።

"ልጄ ስለሆንሽ እኮ ነው" አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። "በሩን ዝጊው።"