ዝም ያልኩባቸው ሁለት ቀናት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የባህል ውዝዋዜ ቡድን ለዓመታት ተወዛውዣለሁ። መድረክ ላይ ከእኔ ጋር የምትጣመረው ልጅ ሮብ ገበያ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣች ነበረች። እስክስታ ስትወርድ አንገቷ ውስጥ አጥንት ያለ አይመስልም። ለአንድ ትልቅ ዝግጅት ስንለማመድ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዘልዬ ስዞር ክርኔ ጆሮ ግንዷን መታት። ወደ ኋላዋ ተዘረረች። የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ነው። ከበሮው እየተመታ እንኳ ጭንቅላቷ ሲያርፍ ሰማሁት።

ሁላችንም ከበብናት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኛን ግን አታይም። ከዚያ ቁጭ አለችና ሳቀች።

«ምን ሆናችሁ? ደህና ነኝ እኮ!»

አሠልጣኛችን ጭንቅላቷን ዳበሰ። «ደም የለም። ውሃ ጠጪና ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ። ጀመርን።

ወደ ቤት ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ «ዝግጅቱ መቼ ነው?» አለችኝ። «ቅዳሜ» አልኳት። የደብረ ማርቆስ ገበያ ጋ ስንደርስ ደግማ ጠየቀችኝ። ልትወርድ ስትል ለሦስተኛ ጊዜ።

በማግስቱ የመስኮቱ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተለማመደች። «ለማንም እንዳትናገር፤ በሌላ ይቀይሩኛል» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ተቀያሪዋ ከእኔ ጋር ተለማምዳ አታውቅም፤ እሷ ከቀረች እኔም መቅረቴ ነበር።

ቅዳሜ መድረክ ላይ ወደ ቀኝ መዞር ሲገባት ወደ ግራ ዞረች። ተመልካቹ አላወቀም፤ አጨበጨበ። እኔ ግን ፊቷ አመድ መምሰሉን አየሁ። ከመጋረጃው ጀርባ እንደገባን አስመለሳት፤ ከዚያ የት እንዳለን ጠየቀችኝ።

ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ መርምራት ስትጨርስ ወደ እኔና ወደ አሠልጣኙ ዞረች።

«መቼ ነው የወደቀችው?»

«ሐሙስ።»

«ከዚያ ወዲህ እስክስታ ወርዳለች?»

አሠልጣኙ አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

«አንጎሏ ተናውጧል» አለች። «ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደም ባይታይበትም፣ ራሱ ደህና ነኝ ቢልም፣ በዚያው ዕለት ማቆም አለበት። ሳይሻላት ሁለተኛ ብትመታ ኖሮ ልትሞትም ትችል ነበር።»

ሰኞ ጠዋት እናቷ ከሮብ ገበያ መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አብረሃት ነበርክ። ምንም አላየህም?»

«አይቻለሁ፣ እማማ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

መቆጣት ሲገባቸው አልተቆጡኝም። ሄደው የመስኮቱን መጋረጃ ሳቡላት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አገሯ ሄዳ ወራት ዐረፈች። ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት። የከበሮ ድምፅ ግን መቋቋም አልቻለችም፤ አንድ ቀን ልምምድ ልታይ መጥታ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። አሁን ልብስ ትሰፋለች። ይቅርታ ስጠይቃት «እንዳትናገር ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ። እንዲህ ማለቷ ሸክሜን አላቀለለልኝም።

ዛሬ የቡድኑን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፈናል። በቅርቡ ሁለት ልጆች በልምምድ ላይ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። አንደኛዋ ስትነሳ ተንገዳገደች። አስቀመጥኳትና ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ከምንለማመድለት ዝግጅት መቅረቷን ስነግራት አለቀሰች፤ እናቷ ሳይቀሩ ደውለው ለመኑኝ። አንድ ሰው ጎድሎን መድረክ ወጣን። ልጅቷ እስካሁን ሰላም አትለኝም።