ለገለታ የተሠራችው ምንቸት

ሙሉእመቤት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከእናቷ በወረሰችው አንድ ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ቢኖር ሰፈር ውስጥ ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ የሚነሳው የሸክላ ሠሪ ስም መሆኑን ነው። ቡዳ ናቸው ይባላል። እናቷን አንድ ቀን ገበያ መሃል ይዘው፣ የበላሽውን ልጅ እንትፍ በይበት እያሉ ሲደበድቧት በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ የሰው ልጅ አቅፋ አታውቅም። ሕፃን ያዘለች ሴት ዕቃ ልትገዛ ከመጣች ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል ነው ዋጋ የምትናገረው።

በ1951 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ውባለም የምትባል ጎረቤት እንስራ ልትገዛ መጣች። ከሱሉልታ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ባሏ ደቻሳ የመጋዘን ዘበኛ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ እንደ ድመት ግልገል በቀጭኑ ያለቅሳል። ሙሉእመቤት ላለማየት ብትሞክርም አየችው። ከንፈሩ እስከ አፍንጫው ተሰንጥቋል።

ውባለም ሳትጠየቅ ተናገረች። ልጁ ገለታ ይባላል። ላንቃውም ክፍት ስለሆነ ጡት መሳብ አይችልም፤ በማንኪያ የሚሰጡት ወተት በአፍንጫው ይመለሳል። ሐኪሞች ስንጥቁ ይሰፋል፣ መጀመሪያ ግን ክብደት ይጨምር ብለዋቸዋል። እሱ ደግሞ በየቀኑ እየቀለለ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉእመቤት እንደ ልማዷ አባታችን ሆይ እያለች ጭቃ ስታቦካ፣ ከዚህ በፊት ሠርታው የማታውቀው ነገር ከእጇ ወጣ። መዳፍ የምታክል፣ ከላይ የተዘጋች ምንቸት ናት። ጀበና ላይ እንደሚወጣው ዓይነት የመቅጃ ጡት አላት፤ ጡቷ ግን ቀጭንና ረጅም ሆኖ፣ ስንጥቁን አልፎ በጉንጭ በኩል የሚገባ ነው። አናቷ ላይ ወተት የሚሞላበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን በአውራ ጣት ሲደፍኑት ወተቱ ይቆማል፤ ሲለቁት ይንጠባጠባል።

ሙሉእመቤት የሠራችውን አየችና ፈራች። ወዲያው ጨፍልቃ ወደ ጭቃው መለሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ መሸሻ ሄዳ ስለ ልጁና ስለ ምንቸቷ ነገረቻቸው።

«አባ፣ ልጁ እንደሆነ የሚተርፍ አይመስልም» አለቻቸው። «ዕቃዬ አፉን ነክቶ ቢሞት እኔ በላሁት ነው የሚሉት።»

መምሬ መሸሻ ሊያጽናኗት ብለው አልዋሹም። «ሊሉ ይችላሉ» አሉ። «ቅርጹን ግን ማን አሳየሽ?»

«እኔ እንጃ። እየጸለይኩ ነበር።»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ለልጁ የላከውን በእጅሽ አስቀምጦታል ማለት ነው። ያንቺ አይደለም፣ ልጄ። አድርሺለት።»

ሠራችው። ዝናብ ስለነበር ምድጃ ዳር አደረቀችው፤ የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ደህና ወጣ። ተኩሳ፣ በወተት አሟሽታ፣ ለመምሬ መሸሻ አስረከበቻቸው። አያያዙን ራሷ ብታሳይ እንደሚሻል ነገሯት፤ እሷ ግን እዚያ ቤት መግባት አልደፈረችም። አያያዙን በችኮላ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም ለውባለም የገባቸውን ያህል ነገሯት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ደቻሳ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ቆሟል። ዱላውን እንደያዘ ነው።

«ልጄ ትንፋሽ አጠረው። ነይና ያደረግሽውን ፍቺ» አላት።

ወጥታ ከፊታቸው ሄደች። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው በኋላ አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ከኋላዋ የሚመጣውን የእግር ኮቴና በጆሮዋ የሚያቃጭለውን የያኔውን የእናቷን ጩኸት ብቻ ነው። ቤቱ ሲደርሱ ገለታ በጀርባው ተኝቶ ያስላል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ምንቸቷ አጠገቡ ናት። ወተቱ አንገቱን አርሶታል።

ሙሉእመቤት ነገሩ ወዲያው ገባት። አስተኝተው፣ ቀዳዳውን ክፍት ትተው ነው ያጠጡት። በራሷ ፍርሃት ምክንያት ማንም አላሳያቸውም።

«ቀና አድርጊው፤ ተቀምጦ ነው የሚጠጣው» አለች። ውባለም ልጁን አነሳችው። ሳሉ ቀስ በቀስ በረደለት።

«አሁን ትፊበት» አላት ደቻሳ።

ሙሉእመቤት አልተፋችም። «እኔ ቡዳ አይደለሁም» አለች። ይህን ቃል ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ እናቱ ዞራ፣ «ከሰጠሽኝ አሳይሻለሁ» አለቻት።

ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። ውባለም ባሏን አየችው፤ ልጇን አየችው። «ያዢው» ብላ ሰጠቻት።

ክብደት የሌለው ልጅ ነበር። ሙሉእመቤት ክንዷ ላይ ቀና አድርጋ ያዘችውና የምንቸቷን ጡት በጉንጩ በኩል አስገባች፤ አውራ ጣቷን ከቀዳዳው ለቀቀች፣ ደፈነች። ሁለቴ ተሳሳተች። በሦስተኛው ገለታ ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። በአፍንጫው ምንም አልተመለሰም። ደቻሳ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውባለም እጇ እስኪለምድ ድረስ ሙሉእመቤት ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትመላለስ ነበር። ልጁ ባስነጠሰው ቁጥር ወደ በሩ ታይ ነበር። ለመስቀል ገለታ ጉንጭ አውጥቶ ነበር፤ በዓመቱ ከንፈሩ ተሰፋ። ደቻሳ ይቅርታ ብሏት አያውቅም፤ በመንገድ ሲያገኛት ግን ባርኔጣውን ያነሳል።

ወሬው ተሰምቶ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእንጦጦ ማዶ ሳይቀር ይመጡባት ጀመር። አብዛኞቹ ተደብቀው ነው የሚመጡት። ሙሉእመቤት አንድም ሴት ባዶ እጇን አልመለሰችም፤ ምንቸት ብቻ አስይዛም አትሰድም፣ ልጁን ተቀብላ ራሷ ታሳያለች። መምሬ መሸሻ አንድ ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አልለቀቃትም። በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የሚታያት ዱላ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ከዚያም እጇ ላይ የነበረው ጭቃ ሳይደርቅባት ወደ ጀመረችው ምንቸት ልትመለስ ተነሳች።