የዝናብ ውሃ የምትጠጣው እመቤት

ዛሬ ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ላጥብ ክዳኑን ስከፍት፣ ውሃችን ታቹ ላይ የሚጋግረውን ያን ነጭ ቅርፊት አየሁና እጄ እዚያው ቀረ። ሰው ማንቆርቆሪያ አይቶ ይፈራል? እኔ እፈራለሁ። ጸጉሬ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ያን ነጭ ነገር ሳይ ዛሬም ማንቆርቆሪያውን መልሼ እከድነዋለሁ።

አባቴ አዳማ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ቀጣሪው የነበረው ግሪካዊ ነጋዴ አብዮቱ ሲፈነዳ አገር ለቆ ሲሄድ፣ በአገልግሎት ካሳው ፈንታ አንዲት ትንሽ የጀርመን መኪና ትቶለት ሄደ። ትንሽ ስላት እንዳትንቋት፤ መቀመጫዋ እውነተኛ ቆዳ፣ ከመሪው ፊት ያለው እንጨት የሚያብረቀርቅ፣ በሯ ሲዘጋ ድምፁ እንኳ የጨዋ ነበር። አባቴ "እመቤቲቱ" ነበር የሚላት። እመቤት ደግሞ ስትታመም በርካሽ አትታከምም። መለዋወጫዋ አዳማ ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝ፤ ከጅቡቲ በባቡር፣ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚመጣው። የውሃ ፓምፗ ሲሰበር የእናቴ የአንገት ሀብል ሄደ፤ ካምቢዮዋ ሲታመም ጉትቻዋ ተከተለ። እናቴ "በወርቄ ያጌጠችው እሷ፣ እኔማ ገረዷ ነኝ" እያለች ትስቅ ነበር፤ ያኔ ገና ይሳቅ ነበር። ይሸጧት እንዳትሉ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች መኪና መግዛት "ቡርዧ ነኝ፣ ኑ ያዙኝ" ማለት ነው፣ ማን ደፍሮ!

ፍርሃት ቤታችን የገባው የቀበሌያችን ሊቀመንበር መኪናዋን የወደዳት ዕለት ነው። "ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች፤ አንተ ትነዳለህ" አለ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ዓለም ጤና፣ አንዴ ሁሩታ፣ ስብሰባ ባለበት ሁሉ አባቴን ይዞት ይሄዳል። ሌላ ሰው መኪናው መንገድ ላይ ብትቆምበት ተበላሸች ነው የሚባለው፤ ሊቀመንበሩን ጭና ከቆመች ግን ስሙ አሻጥር ነው። ከሰፈራችን አንድ ባለወፍጮ፣ ለዘመቻ እህል በሚፈጭበት ቀን ሞተሩ ቆሞበት፣ አሻጥረኛ ተብሎ እንደተወሰደ ቀርቷል። ስለዚህ የእኛ ቤት ሰው ሁሉ የመኪና ሐኪም ሆነ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቁርሳችንን አፋችን ውስጥ ይዘን እናዳምጣለን፤ ሳል ቢጤ ከተሰማ ሁላችንም ቁርሱን ትተን ወደ ግቢው እንወጣለን።

መካኒኳ ጋሽ ቶላ፣ ራዲያተሯ የከተማውን ውሃ ፈጽሞ እንዳይቀምስ፣ ነጭ ቅርፊት ጋግሮ ይደፍነዋል ብሎ አስጠንቅቆ ስለነበር፣ አባቴ ከቆርቆሯችን የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ያጠራቅምላታል። እኛ የቧንቧ እንጠጣለን፣ እመቤቲቱ የሰማይ።

እናቴ ግን በዝናብ ብቻ አልተማመነችም። አባቴ መንገድ በሚወጣበት ጠዋት፣ እሱ ጫማውን እስኪያስር፣ ከአዋሽ ዳር ከሚፈልቀው ፍል ጠበል በጀሪካን ያስመጣችውን ቀድታ፣ በስመ አብ ብላ ራዲያተሩ ውስጥ ትጨምራለች። ምን ታድርግ? ልጅ ሲታመምባት ጠበል ታጠጣለች፤ ባሏን ተሸክማ የምትሄደውንስ ለምን አታጠጣ? ፍል ውሃ ከምድር ሆድ ድንጋይ አሟሙቶ እንደሚወጣ ማን ነገራት! በጋውን ሙሉ ስታጠጣት ከረመች።

አንድ ቀን ከዴራ ወደ ሁሩታ በሚያወጣው መንገድ ላይ እመቤቲቱ ሊቀመንበሩን እንደጫነች በእንፋሎት ተሸፍና ቀጥ አለች። የጭነት መኪና ጎትቷት ጋሽ ቶላ ጋራዥ መድረሷን ስንሰማ፣ እናቴ እጄን ይዛ በነጠላ ጫማዋ ሮጠች። ስንደርስ አባቴና ሊቀመንበሩ ቆመው ያያሉ፤ ጋሽ ቶላ ራዲያተሩን ፈትቶ ሲያራግፈው ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። "ዋቃዮ! ይሄ እኮ የዝናብ ውሃ አይደለም" አለና፣ የተናገረው ነገር ሲገባው አፉን በዘይታም እጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው፣ አምልጦታል። ሊቀመንበሩ የሽጉጡን አፎት እየነካካ "ታዲያ ማነው የጨመረባት?" አለ። እናቴ እጄን ለቀቀች። አፏን ስትከፍት አየሁ። አባቴ ወደ እሷ ዞር ሳይል፣

"እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያልቅብኝ ያገኘሁትን ሞላሁባት" አለ።

ወሰዱት። በነጋ በጠባ ስንቅ ቋጥረን እስር ቤቱ በር ላይ እንቆማለን። ጠባቂው ስንቁን ከተቀበለ አባቴ አለ ማለት ነው፤ "ከእንግዲህ አታምጡ" ካለ ደግሞ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። ተራችን በቀረበ ቁጥር እናቴ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እኔም እይዛለሁ። ዛሬም ወረፋ ላይ ስቆም እንዲያ ያደርገኛል።

ክረምት ገብቶ፣ በርሜሉ ማንም ሳይቀዳው ሞልቶ ሲፈስ፣ አባቴ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተመለሰ። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ "እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ ጠበሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ!" ብላ ስትጮህ፣ አፏን በመዳፉ ከደነው። "አውቃለሁ። ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል" አላት።

እመቤቲቱ ቀበሌ ግቢ ውስጥ ዶሮ እየሰፈረባት ዛገች፤ ለእሷስ አላዝንም። የማዝነው ስሟን እየጠራ ይቀልድ፣ ድምፁን ለመስማት ብቻ በሯን ከፍቶ ይዘጋ የነበረው ያ የድሮ አባቴ ከእስር ቤት ስላልወጣ ነው። ደርግ ወድቆ፣ ዘመን ተለውጦ፣ እናቴ በበዓል ቀን የልጅ ልጆቿን ሰብስባ "ለመኪና ጠበል ያጠጣሁ እኔ ነኝ!" እያለች ጮክ ብላ ስታወራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ አባቴ ግን ቀስ ብሎ ይነሳና መስኮቱን ይዘጋ ነበር።