አባዬ የዳበሰው ሞተር

የአባዬ የእጅ ባትሪ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። አይበራም። ያኔም ቢሆን አባዬ የሚያበራው ለይምሰል ነበር፤ ይህንን ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ልጅ ሆኜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከሚሴ ላይ መኪና የተበላሸበት ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። ጋራዣችን ከአስፓልቱ ዳር ያለች፣ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት የምትሸት ጠባብ ግቢ ናት። ያንን ሽታ ዛሬ በጠርሙስ ቢሸጡልኝ እገዛ ነበር! አባዬ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና የሞተሩን ሕመም ያዳምጣል። ዓይኑ ግን ዓመት ባልሞላ ጊዜ ደክሞ ደክሞ ጥላ ብቻ ቀረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁጥር የማነብለት፣ ቀለም የምነግረው እኔ ነበርኩ። «ሰው ከሰማ መኪናውን ማን ይሰጠኛል ዘይኔ?» ይለኛል። እኔም አፌን ለጎምኩ።

አንድ የጥር ከሰዓት በኋላ ከሰንበቴ ከተማ በኩል አይተናት የማናውቃት መኪና በእንፋሎት ታፍና መጣች። ስም የላትም፣ አርማ የላትም፤ ጎማዋ እኔን ያክላል። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስና ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ወረዱ። ሾፌሩ እያስተረጎመ እንደነገረን፣ መኪናዋ ገና ለሽያጭ ያልወጣች የሙከራ መኪና ነች፤ በዓለም ላይ እሷን የመሰሉ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አሁን አፋር በረሃ ወርዳ ልትፈተን ነው። ሞተሯ ግን እየጋለ አላስኬድ አላቸው። መሐንዲሱ ውሃውንም ማራገቢያውንም ደጋግሞ አይቷል፤ ምንም አላገኘም።

ኮፈኑ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ወይ ጉድ! ሞተሩ እንደ አዲስ ሰታቴ ያበራል። ቁጥሩ በማሽን ሳይሆን በእጅ የተቀረጸ ነበር፤ ለአባዬ በሹክሹክታ አነበብኩለት። እሱ ግን ቀድሞ በጣቱ እየሄደበት ነበር። «ማሻ አላህ! ይሄንን በእጁ ሞርዶ ያለሰለሰው ሰው አለ። የሞረዱ መንገድ ይሰማኛል» አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በኢድ ቀን እንኳ አላየሁበትም።

ችግሩ የመጣው ባትሪውን ሲያበራ ነው። ጎረቤታችን ኢብራሂም፣ እሱም መካኒክ ነው፣ ሳቁን ለቀቀው። «ጋሼ ሰይድ፣ ኧረ የሚያበሩት ጎማውን ነው!» ሰው ሁሉ ወደ አባዬ ዓይን ተመለከተ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ፤ ከነገ ጀምሮ ወደ ግቢያችን የሚገባ መኪና የለም።

አባዬ ባትሪውን አጠፋና ወደ እኔ ዘረጋው። «ኮቱ፣ ነይ ያዢልኝ ልጄ። ከእንግዲህ ለሰው ብዬ አላበራም።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዓይኔ ሄዷል ጎበዝ። እጄ ግን አለ። የማያምነኝ መኪናውን ይዞ ይሂድ» አለ።

ሾፌሩ ይህንን አስተረጎመ። መሐንዲሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

አባዬ «ቢስሚላህ» ብሎ እጁን ሰደደ። ለውሃና ለዘይት ሁለት ራዲያተሮች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ዓይንም ባትሪም አይደርስበትም። ክንዱ እስኪቧጠጥ ድረስ አስገባ። ሲያወጣው በመዳፉ ሙሉ ዘይት የጠጣ፣ የተጋገረ ነገር ይዟል። አሸተተውና ሳቀ። «ጤፍ ነው! እናንተ ሰዎች፣ አውድማ ገብታችኋል እንዴ?»

ሾፌሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ለካስ ሲመጡ ጨፋ ሜዳ ላይ ገበሬዎች፣ ጎማዋ ከበሬ ይሻላል ብለው ነዶውን እንዲረግጡላቸው ለምነዋቸው፣ ፈረንጁም ደስ ብሎት አውድማውን ሲዞር አርፍዷል! መኪናዋን ለአሸዋ አዘጋጅተዋታል፣ ለጎርፍ አዘጋጅተዋታል፤ የጨፋን እብቅ ማን ይንገራቸው?

መሐንዲሱ ጎንበስ አለ። አባዬ እጁን ይዞ ወደዚያው ክፍተት መራው። ያኔ ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። አባዬ «አብሽር፣ ታገኘዋለህ» አለው፤ ማንም አላስተረጎመም። እሱም አንድ እፍኝ ይዞ ወጣ። እብቁን ለቅመን በውሃ ስናጥበው ኢብራሂምም እጅጌውን ሰብስቦ አገዘን። መኪናዋ ሰንበቴ ደርሳ ስትመለስ አልጋለችም። በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን በር ላይ የመጀመሪያዋን መኪና ያቆመው ኢብራሂም ነበር፤ እሱን ያቃተችው መኪና ነበረች። አባዬም እስኪያረጅ ድረስ ያለ ባትሪ ሠራ።

አሁን ከሚሴ በባጃጅ ተሞልታለች፤ ጋራዡም በኮምፒውተር ሆኗል። በቀደም መኪናዬ ስታንኮራፋብኝ አንድ ጎበዝ ልጅ ገመድ ሰክቶ «ምንም የለባትም ይላል» አለኝ። ወረድኩና ኮፈኑን ከፍቼ፣ መዳፌን ሞተሩ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ልጁ ደነገጠ። «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ የኔ ልጅ» አልኩት፤ «እያየሁ ነው።»