ጮክ ብዬ ያነበብኩት መጽሐፍ

ልቦለዴ አዲስ አበባ ከታተመ በኋላ በእንግሊዝኛ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዓመት ጠብቄያለሁ። የምኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ በኪራይ ቤት ነው። የሕንፃው ባለቤት ኬንያዊ ሽማግሌ ናቸው። ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ማማ፣ ያ መጽሐፍ እኛ በምናውቀው ቋንቋ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። «እየመጣ ነው» እላቸዋለሁ፣ አውቶቡስ የተሳፈረ እንግዳ ይመስል።

መጀመሪያ የሞከረው አንድ የተማረ ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደተረጎመ ቪዛው መጣለትና ሄደ። ከሄደበት አገር አንድ ጊዜ ሰላምታ ላከልኝ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አልተቀየምኩትም። ቪዛ የመጣለት ሰው ምዕራፍ አይጨርስም። ቀጥሎ የመጣው አሳታሚ መጽሐፉን እንደሚፈልገው እየነገረኝ ከረመና ቢሮውን ዘጋ።

በመጨረሻ ሥራውን የያዘችው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። ልጅ የምላት ከልማድ ነው እንጂ የራሷ ኑሮ ያላት ሴት ናት። ወላጆቿ በሞያሌ በኩል ሲመጡ በጀርባ ታዝላ ነበር፤ ያደገችው እዚሁ ነው። የምትሠራው ስደተኞች ጉዳያቸውን በሚያስረዱበት ቢሮ ነው። እነሱ በአማርኛ ሲናገሩ እሷ በእንግሊዝኛ ታሰማላቸዋለች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ፊደል ግን አታነብም።

«እማማ፣ አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለችኝ አንድ እሑድ። አንቺ የምትለኝ ለእናቷም እንደዚያ ስለምትል ነው።

«ሳታነቢ እንዴት ትተረጉሚያለሽ?»

«ቢሮ የሚመጡት ሰዎች ጽፈው ነው እንዴ የሚያመጡልኝ? እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እላለሁ። ሲምፕል።»

ሌላ ሰው አልነበረኝም። እሺ አልኩ።

ልቦለዱ ሞያሌ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ እያበሰለች ስለምትኖር ሴት ነው። ባሏ አንድ ማለዳ ወጥቶ ይቀራል። የጻፍኩት ስለ መሄዱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። የሄደበት ማለዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍቶ ወጣ» ይላል፣ ከዚያ ምዕራፉ ያልቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ማታቱ የሚሏቸው የሚኒባስ ታክሲዎች ሙዚቃ እንዳይረብሸን መስኮቱን እንዘጋለን። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፄን ትቀዳለች፣ እኔ አነባለሁ። ስጨርስ ሻይ ማንዳዚ በሚሉት የኬንያ ቦምቦሊኖ እንጠጣለን። ቤቷ ሄዳ የቀዳችውን እያዳመጠች በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። የጻፈችውን ትልክልኝ ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ጋዜጣ አነባለሁ፣ መድኃኒት ቤት ገብቼ እግባባለሁ፣ የራሴን መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር መከተል ግን ዓይኔም አልፈቀደልኝ። ከየምዕራፉ መጀመሪያ ጥቂት እያየሁ ደስ ሲለኝ እተወው ነበር። እሷ የእኔን ገጽ አታነብም፣ እኔም የእሷን አልጨርስም። በመካከላችን የነበረው ድምፄ ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ መሃል ከተማ ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ ተቀበለን። ውል ፈረምን፣ የማተሚያ ቤት ተራ ተያዘልን። ከመታተሙ በፊት ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንዲያመሳክረው ኪሌሌሽዋ ሰፈር ለሚኖሩ አንድ አረጋዊ ኢትዮጵያዊ ተሰጠ። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉልኝ።

«እህቴ፣ እንደምን አሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጻፉት ስንት መጽሐፍ ነው?»

«አንድ ነው።»

«እኔ እጅ ላይ ሁለት አለ። አማርኛው ጭምት ነው። እንግሊዝኛው ወሬ ይወዳል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በአማርኛው ጎረቤቶቿ ማልደው መርዶ ሊነግሯት ይመጣሉ። አለቀ። በእንግሊዝኛው ግን ለምን ማታውኑ እንዳልነገሯት፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ለምን እንደሚጠበቅ፣ የቱ ሰው አፍ እንደሚከፍት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፤ ግን እርስዎ አልጻፉትም። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነው። ተርጓሚዋ እጇ ረጅም ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሳነብላት ፊቷን አይ ነበር። ግንባሯ ቋጠር ሲል ከገጹ ቀና ብዬ አስረዳታለሁ፣ ከዚያ ማንበቤን እቀጥላለሁ። ቆም ብዬ «ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም» ብያት አላውቅም። ድምፅ ደግሞ ገጹ የት እንዳበቃ፣ ወሬዬ ከየት እንደጀመረ አይለይም።

የአሳታሚው አርታኢ ኬንያዊት ናት፣ ትሕትና ያላት ሴት። መጽሐፉ ከአማርኛው ጋር ካልተስማማ እንደማታትመው በስልክ ነገረችኝ። «ይህ ተራ ካለፈን ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን ልነግርዎት አልችልም» አለችኝ። በእኔ ዕድሜ ቀጣይ የሚባለው ነገር አያስተማምንም።

ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ የሆነውን ነገርኳት። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«ጨመረች አሉኝ? እኔን? እማማ፣ ቢሮዬ ውስጥ አንድ ቃል የጨመረ አስተርጓሚ በማግስቱ የለም። አንድ ቃል የቀነሰም የለም። ያልሽውን ነው የጻፍኩት።»

«አዎ፣ ያልኩትን ነው የጻፍሽው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የግንባርሽ ነው» አልኳት። ሳትፈልግ ሳቀች፤ ቦርሳዋንም አወረደች።

ያን ቅዳሜና ተከታዮቹን ቁጭ ብለን አመሳከርን። ስልኩ ያነባል፣ እኔ በአማርኛው ላይ በጣቴ እከተላለሁ፣ ጣቴ ሲቆም እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ቦታውን ትይዛለች። ማብራሪያውን ሁሉ አወጣነው። ዝም ብላ ግን አላወጣችም።

«ይሄን እንተወው፣ ቆንጆ ነው።»

«አንቺ እንድታውቂው የነገርኩሽ ነው።»

«አንባቢውስ እንዴት ይወቅ?»

«ይጠይቅ።»

«ማንን? እያንዳንዱ አንባቢ ካሳራኒ መጥቶ በርሽን ያንኳኳ?»

«ሻይ አለኝ» አልኳት።

እንዲህ እየተባባልን ባልየው የሄደበት ማለዳ ላይ ደረስን። «ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍቶ ወጣ» ይላል ድምፄ። ጣቴ ቆመ፤ ድምፄ ግን አልቆመም። ትንሽ ዝምታ አለ፣ ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማል፣ ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ጫማውን አላደረገም። እንዳትነቃ በእጁ ይዞት ወጣ። እሷ ግን ነቅታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ደጅ ተቀምጦ ከጫማው ክር ጋር ሲታገል ትሰማዋለች። አንድ ጣቱ ስለማይታጠፍ ክር ማሰር ይቸግረው ነበር። ሌላ ቀን የምታስርለት እሷ ነበረች።»

ልጅቷ ስልኩን አቆመችው።

«ይሄስ?»

«ገጹ ላይ የለም።»

«እንደሌለማ ገባኝ። ከየት መጣ?»

«ከአፌ።»

ሲኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ የሄደው እንዲህ ነው። ለሰው ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእሷ መንገሬንም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። መጽሐፉን ስጽፍ ያ ማለዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል ብዬ ነበር። አሁንም አንባቢ ይበልጥ ያስፈልገዋል ለማለት አልደፍርም።

ስመለስ ልጅቷ እንደተቀመጠች ነበረች።

«አውጪው ካልሽኝ አወጣዋለሁ፣ ያንቺ መጽሐፍ ነው» አለችኝ። «ግን እማማ፣ ተርጓሚዋ ከራሷ የጨመረችው ነው ብለሽ አታስወጪው። ከሌላው ሁሉ እሱ ይከብደኛል።»

«ለአሁኑ ይቆይ» አልኳት።

ሰኞ ሁለታችንም መሃል ከተማ ሄድን። አርታኢዋ ሻይ አስመጣችልንና የተስተካከለውን አየችው። ማብራሪያዎቹ መውጣታቸውን አረጋገጠች፣ አመሰገነችን። ከዚያ የጫማው ቦታ ላይ ደረሰች። እንዲገባኝ ብላ እንግሊዝኛዋን ቀስ አድርጋ ተናገረች።

«ይህ ብቻ ቀርቷል። ተርጓሚዋ የጻፈችው ከሆነ አሁኑኑ አወጣዋለሁ፤ መጽሐፉም ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የደራሲዋ ከሆነ ግን በአማርኛ ጽፈው፣ ፈርመው ይስጡኝ። ያመሳከሩት ሰው ያዩትና በዚያው ይታተማል። የማን ነው?»

ቀላሉ መልስ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የእሷ ነው ብል ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ ስለ እኔ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ልጅቷ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ታያለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«የእኔ ነው» አልኩ።

አርታኢዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ስናገረው እንዲሁ የወጣ ነገር ሲጻፍ እምቢ አለኝ። ሻይዬ ቀዘቀዘ። ሰርዤ ጻፍኩ፤ እንደገና ሰርዤ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ከሥሩ ፈረምኩ። አርታኢዋ በስልኳ ፎቶ አንስታ ኪሌሌሽዋ ላሉት ሰው ላከችላቸው። ወዲያው ደወሉ፣ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እህቴ፣ አየሁት። አሁን የጻፈችው ያቺው የአማርኛዋ ጭምት ሴት ናት» አሉኝ። «ግን እንግሊዝኛው አሁንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።»

«አውቃለሁ፣ አውቄ ነው ያልጻፍኩት፤ ይወጣል» አልኳቸው።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«የቱ ነው የሚወጣው? ነቅታ የነበረችው?»

«እሱ ይኑር።»

«ጣቱ?»

«ይኑር። የመጨረሻው ነው።»

ወደ ታች ወርዳ አገኘችው። «ሌላ ቀን የምታስርለት እሷ ነበረች» አለች በአማርኛ። «እማማ፣ እሱን?»

«እሱን።»

«ከሁሉም እኮ እሱን ነው የምወደው።»

«አንቺ ሰምተሽዋል፤ ይበቃል» አልኳት።

ጥቂት አመነታች፣ ከዚያ አጠፋችው። አርታኢዋ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችንና ጨረስን ወይ ብላ ጠየቀች። መጨረሳችንን ነገርኳት። የጻፍኩትን ወረቀት ከሌሎቹ ገጾች ጋር አያይዛ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ለመደወል ስልኳን አነሳች።