ከነሥሩ

የባዮሎጂ አስተማሪዋን ተማሪዎቹ በፊታቸው «ቲቸር»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «እትዬ ቅጠል» ነው የሚሏቸው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ያንኑ ነው፦ የበረሃ ተክል ቅጠሉን እሾህ አድርጎ ውኃ እንደሚቆጥብ፣ የረግረግ ተክል ደግሞ ግንዱ ውስጥ የአየር መተላለፊያ ስላለው ጭቃ እንደማያፍነው።

ይህን የሚያሳዩት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች ትንሽ ረግረግ ነበር። እዚያ፣ ሌላ የትም አይተውት የማያውቁት፣ አበባው ጥፍር የሚያህል ሐምራዊ ተክል ይበቅላል። ርዕሰ መምህሩ፣ የራሳቸው የድሮ ተማሪ፣ ረግረጓን አስደልድሎ የመረብ ኳስ ሜዳ ሊያደርጋት ቆርጧል። እሳቸውም ቢሮ ለቢሮ ተንከራተው፣ በስንት ልመና አንድ የዕፅዋት ባለሙያ ሐሙስ መጥቶ እንዲያይ አስፈቀዱ። ተክሉን አይቶ ብርቅ ነው ብሎ ከጻፈ ረግረጓ ትተርፋለች፤ ካልጻፈ አለቀላት።

ማክሰኞ ዕለት፣ ደስታው ይሆናል ያዘናጋቸው፣ ለአራቱም ክፍል የቤት ሥራ ሰጡ።

«እያንዳንዳችሁ አንድ የረግረግ ተክል ከነሥሩ አምጡ። ብርቅ ላመጣ ተጨማሪ ማርክ አለው!»

በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ አለ። ረግረግ ግን በአካባቢው አንዲት ብቻ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ሐምራዊው አበባ ጠረጴዛቸው ላይ ተከምሮ ጠበቃቸው፤ ሥሩ በደንብ ታጥቦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።

«ቲቸር» አለች አንዷ፣ «የመጨረሻዋን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ማርኩ የኔ ነው አይደል?»

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ገብተው ያልጠወለገውን ሁሉ መልሰው ተከሉ። ሐሙስ ባለሙያው መጣና አንዱን ሳብ ቢያደርገው እጁ ላይ ቀረ።

«እናቴ፣ ይኼ እኮ ትናንት የተሰካ ነው። ከየት አምጥተውት ነው?»

«ከዚሁ ነው! ከዚሁ ተነቅሎ ነው!»

«ማን ነቀለው?»

«ተማሪዎቼ።»

«ማን አዟቸው?»

አጠገባቸው የቆመው ርዕሰ መምህር ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኛ በትራክተር ሳምንት ይፈጃል ብለን ነበር፤ ቲቸር በአንድ ቀን ገላገሉን!»

ባለሙያው «ለማሳየት ሲባል በሰው እጅ የተተከለ» ብሎ ጻፈና ሄደ።

ሰኞ ገልባጭ መኪና መጥቶ ረግረጓ ላይ አፈር ዘረገፈ። ርዕሰ መምህሩ የባዮሎጂው ክፍለ ጊዜ ለድልደላው እንዲውል አዘዘ፤ «ልጆችዎ እጃቸው ለምዷል» አላቸው። ልጆቹ ከክፍል በመውጣታቸው ፈንጥዘው አካፋ ተሻሙ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ አሁንም ውኃ ይወጣል!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«አፈር ጨምርበት» አሉት አስተማሪዋ።